የትውስት ትንፋሽ

ሰው ከጎረቤቱ ወንፊት ይዋሳል፤ መጥረቢያ ይዋሳል፤ ድግስ ሲደርስበት ድስትና አግዳሚ ወንበር ይዋሳል፤ ለፎቶ ብሎ ኮት የተዋሰም አውቃለሁ። እኔ ግን ትንፋሽ ተውሻለሁ። ያውም ከማን? ከሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ! ብትስቁብኝም ብትፈርዱብኝም አይከፋኝም፤ ብቻ ፍርዱን እስከ መጨረሻው አቆዩልኝ። ያጠፋሁት በደግነት ነው። በደግነት የጠፋ ነገር ደግሞ ለማቃናት እንዴት እንደሚያስቸግር የደረሰበት ያውቀዋል።

ያኔ አምቦ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ከሃያ ዓመት በላይ በጠመኔ ስጽፍና ስደመስስ ኖሬ፣ ከሰሌዳው የተጠረገው ሁሉ ወደ እኔ ደረት ተዛውሯል። አስም አለብኝ። ደረቴ ሲያፏጭ ከኮሪደሩ ጫፍ ስለሚሰማ፣ ረባሾቹ ተማሪዎቼ «መምህሩ መጣ!» የሚል ዘብ በር ላይ ማቆም አላስፈለጋቸውም። ክፍል ስገባ ሁሉም ደብተሩን ገልጦ፣ እጁን አጣጥፎ፣ መልአክ መስሎ ይጠብቀኛል። ርእሰ መምህሩ በክፍል አያያዜ ስብሰባ ላይ አመስግነውኛል። ምስጋናው የሚገባው ለሳንባዬ እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ሲስተር ሌንሳ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ነርስ ናት፤ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ለመመረቂያዋ የምትሠራው ጥናት በእኛ በኩል ያሉ የሳንባ ሕመምተኞች መድኃኒት በወጉ ቢያገኙና በየጊዜው ቢታዩ ምን ያህል ይሻላቸዋል የሚል ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ በጠዋት አውቶቡስ ትሳፈርና፣ ጊንጪ ላይ ሰው ሲወርድና ሲወጣ ታግሳ፣ ረፋድ ላይ ሆስፒታሉ ትደርሳለች። ከጉደርም፣ ከጊንጪም፣ ከወንጪ በኩልም የመጣን የምንስል ሁሉ አግዳሚው ላይ ተደርድረን እንጠብቃታለን።

ጥናቱ ውስጥ ለመግባት የፈቃደኝነት ወረቀት ይፈረማል። ሌላው ሰው ሳያነብ ፈረመ። እኔ መምህር ነኝና ሦስቱንም ገጽ አንብቤ፣ አራት የፊደል ግድፈት በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ፈረምኩ። ሲስተር ሌንሳ ወረቀቱን አይታ ፈገግ አለች። ከዚያ በአፍ የሚሳብ መድኃኒትና ከፕላስቲክ የተሠራች ትንሽ መለኪያ ሰጠችኝ። መለኪያዋ አንዱ ጫፏ አፍ ላይ ይገጠማል፤ ጎኗ ላይ ቁጥር ተጽፎባታል፤ ሲነፏት የምትሮጥ ቀይ ቀስት አለቻት።

«ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ቆመው፣ ደህና አድርገው አየር ስበው፣ ባንድ ጊዜ እፍ ይበሉ። ሦስት ጊዜ ይነፉና ከሦስቱ ትልቁን እዚህ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ይኸው ነው።»

ይኸው ነው ብላ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሐቅ ጻፍኩ። ቀስቷ ሁለት መቶ ላይ ደርሳ ደክሟት ትቆማለች፤ እኔም ደክሞኝ እቆማለሁ። ሲስተር ሌንሳ ደብተሬን ስታይ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። የገደለችኝ ያቺ ትንፋሽ ናት። ተማሪ የፈተና ወረቀቱን ተቀብሎ ውጤቱን ሲያይ እንደዚያ ነው የሚተነፍሰው፤ ስንቱን ሳስተነፍስ ኖሬያለሁ።

ሌሎቹ ሕመምተኞች ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ገብቷቸዋል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር «እንዴት ነህ?» ላለ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ እግሩ ተሰብሮ ቃሬዛ ላይ የተጋደመውም የሚመልሰው ያንኑ ነው። ኦቦ ደበላ የሚባሉ የጉደር ገበሬ አጠገቤ ተቀምጠው ሲጠየቁ ሰማሁ።

«ኦቦ ደበላ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሳል ነበረብዎት?»

ኦቦ ደበላ አግዳሚው እስኪንቀጠቀጥ ሳሉ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ገለኒ ጎፍታ ሃታኡ! ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«አሁን ሲስሉ ነበር እኮ!»

«እሱ አልፏል።»

ሲስተር ሌንሳ እስክሪብቶዋን እንዳነሳች ትንሽ ቆየችና የተባለችውን ጻፈች። ምን ታድርግ? ወረቀቱ ላይ «አዎ» እና «የለም» የሚሉ ሳጥኖች እንጂ «አልፏል» የሚል ሳጥን የለም።

ስንወጣ ኦቦ ደበላ ክንዴን ያዙኝ።

«ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «ይህቺ ልጅ አዲስ አበባ ላይ በትልልቅ ሰዎች ፊት ልትፈተን ነው አሉ። የምትፈተነው ደግሞ በእኛ ነው። እኛ ካልተሻለን ትወድቃለች። ያን ሁሉ መንገድ የምትመላለስ የሰው ልጅ በእኔ ሳል ትውደቅ? አንተ ደግሞ ሐቀኛ ነኝ ብለህ ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ ትላለህ። ምን አደረገችህ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪ ስጥል እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት የለም፤ ያን ዕለት ግን እራት አልበላልህ አለኝ። የጣልኳቸውን የጣልኳቸው ስላላጠኑ ነው። እሷ ግን አጥንታ፣ ለፍታ፣ በእኔ ደረት ልትወድቅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በራፌ ላይ ቆሜ መለኪያዋን ስነፋ ጉተማ አለፈ። ጉተማን ላስተዋውቃችሁ። ቀን ቀን ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ያለ ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ስለዚህ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው የሞተ ቀን ደግሞ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። ሞባይል የያዘው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር የማንም ሞት ያለ ጉተማ ሞት አይሆንም። ማለዳ ጉብታው ላይ ቆሞ አንዴ ከነፋ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል፤ ሟቹ ራሱ ሳይሰማው አይቀርም እንባባላለን። ጉተማን የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየቀብሩ ያነሳዋል። «ለሁሉም እኔ ነፋሁ። እኔ ስሞት ማን ይነፋልኛል?»

«አካም ቡልቴ፣ ባርሲሳ? እንዴት አደርክ? ደግሞ ምንድን ነው የምትጠባው?» አለኝ።

«አይጠባም፤ ይነፋል። እስቲ ሞክራት።»

ከከንፈሩ ላይ ዱቄቱን ጠረገና ደረቱን ነፍቶ እፍ አላት። ቀስቷ ሽቅብ ተወርውራ «ቀጭ!» አለች። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ስድስት መቶ አርባ!

ሰውና ሰይጣን የሚገናኙት እንዲህ ባለች ጠዋት ነው። ደብተሩ በአንድ እጄ፣ እስክሪብቶው በሌላው። ሲስተር ሌንሳ ሦስት ጊዜ ይነፋ አለች እንጂ ሦስቱንም የሚነፋው አንድ ሰው ይሁን አላለችም፤ ወረቀቱን ደግሞ ሦስቱንም ገጽ አንብቤዋለሁ፣ አልተጻፈም። ቢሆንም ውሸትም ልክ አለው። በአንድ ሌሊት ከሁለት መቶ ወደ ስድስት መቶ መዝለል ገደል መውጣት ነው። እኔ የካርታ መምህር ነኝ፤ ገደልና ዳገት ለይቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ከጉተማ ቁጥር ላይ በመጀመሪያው ሳምንት አራት መቶ ቀነስኩ፤ በሁለተኛው ሦስት መቶ ሰባ፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለዓይን የሚጥም ለስላሳ ዳገት ሠራሁ።

ጉተማም ልማድ አደረገው። ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄድ በሬ ላይ ቆም ይልና «አምጣት እስቲ» ይላል፤ ይነፋል፤ ይስቃል፤ ይሄዳል። ቁጥሩን በስሜ እንደምጽፈው አያውቅም። ባለቤቴም ጨዋታ መስሏታል። ብቻ እሷ ሰው አፉን ያስገባበት ዕቃ ስለማትወድ፣ እሱ በሄደ ቁጥር አፍ የሚገጠምበትን ነቅላ በፈላ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች። «እናንተ ትጫወታላችሁ፣ እኔ አጥባለሁ» እያለች።

ሲስተር ሌንሳ ደብተሬን ስትገልጥ ፊቷ መብራት ጀመረ።

«ጋሼ! እርስዎ ላይማ መድኃኒቱ ተአምር ሠራ!»

ሆስፒታል ውስጥ ፊቷ ስነፋ ቁጥሩ ከደብተሩ ያንሳል። ለዚህም እሷው ራሷ ምክንያት ትፈልግልኛለች፤ «በእግርዎ መጥተው ደክሞዎት ነው፤ ደግሞ ሰው ፊት ሲሆን ያስፈራል» ትለኛለች። ልቤ ቅቤ ይጠጣል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ በእውነትም እየተሻለኝ ነበር። ማታ ማታ ተኝቼ አድራለሁ፤ ተማሪዎቼም መምጣቴን ሳይሰሙ እጅ ከፍንጅ መያዝ ጀምረዋል። ነገር ግን የራሴን እውነተኛ መሻሻል ለማየት ጊዜ አልነበረኝም፤ የጉተማን በመቀነስ ተጠምጄ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የጉተማ ቁጥር ወረደ። አንድ ቀን አምስት መቶ ሰማንያ፣ ሌላ ቀን አምስት መቶ አርባ። «ዛሬ አልነፋህም» እለዋለሁ፤ «ዱቄቱ ነው፣ አነቀኝ» ይለኛል። ያስለዋል፤ ወፍጮ ቤት የማይስል ማን አለ? እኔም የምቀንሰውን አሳነስኩ። ሲወርድ፣ መቀነሱን ተውኩ። አሁንም ሲወርድ፣ ምን ላድርግ፣ ሃምሳ እጨምርለት ጀመር። ዳገቴ እንዳይናድብኝ ከታች እንደሚደግፍ ሰው ሆንኩ። ያም ሆኖ ቁጥሩ እኔ ከምጨምርለት በላይ እየፈጠነ ይወርዳል።

ሲስተር ሌንሳ ግራ ገባት። ሆስፒታል ስነፋ በየጊዜው እየተሻለኝ ነው፤ ደብተሩ ላይ ግን እየባሰብኝ ነው። አሰበች፣ አሰበችና «ቤትዎ ውስጥ የሚጎዳዎት ነገር አለ» አለችኝ። «መጥቼ ማየት አለብኝ።»

መጣች። ባለቤቴ ደስ ብሏት ቤቱን አጥና፣ ዳቦ ጋግራ ጠበቀቻት። ሲስተር ሌንሳ ዳቦውን ከቀመሰች በኋላ እስክሪብቶዋን አወጣች። መጀመሪያ ዕጣኑ ቀረ። ቀጥሎ ማድ ቤቱ ለቤቱ ቀርቧል ተባለና ባለቤቴ ጓሮ ጫፍ ላይ ላስቲክ ወጥራ ምጣድ ጣደች። የጥጥ ፍራሹ ወጥቶ እኔ ሰሌን ላይ ተኛሁ። መጋረጃው ወረደ። በርበሬ እቤት መደለዝ ተከለከለ። ዶሮዎቹ ተሰጡ። ባለቤቴ እንደ ልጇ የምታያት ሻሼ የምትባል ድመት ነበረች፤ እሷም በቅርጫት ሆና፣ እስከ ጊንጪ አውቶቡስ ውስጥ እያለቀሰች፣ የባለቤቴ እህት ዘንድ ተሰደደች። ሻሼን የሸኘናት ጠዋትም ጉተማ መጥቶ ነፋ፤ ቁጥሩ ካለፈው ሳምንት ያንሳል።

በዚያ ሳምንት ባለቤቴ ባዶው ሳሎን መሃል ቆማ ዙሪያዋን አየች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ትዳር!» አለች። «እዚህ ቤት የቀረሁት ዕቃ እኔ ብቻ ነኝ። እኔስ መቼ ነው የምወጣው?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ልናገር አፌን ከፍቼ ሳልኩ። «አየሽ፣ ይኸው ገና ነው» አለችና አዝና ውሃ አመጣችልኝ። እፍረት እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ያሳደሩት እንደሆነ ቤተ ዘመድ ጠርቶ ይመጣል።

መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት ጉተማ እንደ ልማዱ መጣ። «አምጣት እስቲ» አላለም፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ነፋና ሦስተኛውን ሳይነፋ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ቀስቷ ሦስት መቶ እንኳ አልሞላችም። እኔ ግን ያየሁት ቀስቷን እንጂ እሱን አልነበረም። መቶ ሃምሳ ጨምሬ ጻፍኩና ወደ ሆስፒታል ሄድኩ።

ሲስተር ሌንሳ ያን ቀን አልሳቀችም። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ዘርግታ ሁለት መስመር ሠርታለች፤ አንዱ ሆስፒታል የነፋሁት፣ ሌላው ደብተሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የካርታ ሰው ነዎት። እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» አለች። «እኔ መድኃኒቱ እየጎዳዎት ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ላቆመው ነው።»

ወረቀቱን አየሁት። አንዱ መስመር ቀስ እያለ ይወጣል። ሌላው ከወንጪ አፋፍ ወደ ሐይቁ እንደሚወርደው መንገድ ቁልቁል ይሄዳል። ስንት ዓመት ተማሪ ሳስተምር «መስመሩን አትዩ፣ መስመሩ የቆመለትን መሬት እዩ» እያልኩ ነው። መስመሩ የማን ነው? ጠዋት ደፉ ላይ የተቀመጠው ሰው ፊቴ ድቅን አለ። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ቀጥኖ፣ ዱቄት የሸፈነው ፊቱ ከዱቄቱ በታች ጎድጉዶ። ወር ሙሉ በየጠዋቱ ሲያልቅ ቁጥሩን በእጄ እየጻፍኩ፣ እየጨመርኩ፣ ሰውዬውን አላየሁትም። ከልቤ ደነገጥኩ።

«ሲስተር» አልኩ፣ «ይህ ቁልቁለት የእኔ አይደለም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ እንድትጮህብኝ ጠበቅሁ፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጨምሬበታለሁ ነው ያሉኝ?» አለች። «ዛሬ ስንት ጨመሩ?»

«መቶ ሃምሳ።»

መዝገቧን አጠፈች። ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች።

«የት ነው የሚሠራው?»

ወፍጮ ቤቱ በሚያጉረመርምበት ሰዓት ደረስን። እህል ይዘው የተሰለፉ ሴቶች ቀና ብለው አዩን። ጉተማ ጆንያ ተደግፎ ተቀምጧል። ሲስተር ሌንሳ ከሞተሩ ጋር እየተጋፋች ጮኻ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ጮኾ ይመልሳል።

«ኦቦ ጉተማ፣ ሳል ከጀመርዎ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«ዱቄት ነው!»

«ማታ ማታ ያልብዎታል?»

«ደህና ነኝ፣ ገለኒ ጎፍታ!»

«ሲተነፍሱ ጎንዎን አይወጋዎትም?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ!»

ጀርባውን አዳመጠች። በቀኝ አዳመጠች፤ በግራ አዳመጠች፤ እንደገና በግራ አዳመጠች። ከዚያ ከእነ ኦቦ ደበላ ጀምሮ የተጠራቀመባት ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ።

«ደህና ነኝን ይተዉልኝ!» ብላ ጮኸች። የወፍጮው ሞተር የቆመው ልክ በዚያች ደቂቃ ነው። ወፍጮ ቤቱ በሙሉ ሰማት። «በግራ በኩል ምንም ትንፋሽ አይሰማም፣ ኦቦ ጉተማ። ደህና አይደሉም።»

ጉተማ ቆቡን አውልቆ በእጁ አሽከረከረ። ከዚያ እሷን ትቶ እኔን አየኝ።

«ባርሲሳ፣ አልሄድም። ሆስፒታል የገባ ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው፤ አውቀዋለሁ። እኔ ብሞት ማን ይነፋልኛል?»

«እኔ እነፋልሃለሁ» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ እንባዬም መጥቶ ነበር።

ጉተማ ደረቴን ከላይ እስከ ታች አየው። መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ፤ ሳሉ ወደ ሳቅ ተመለሰ።

«አንተ? አንተ ነፍተህልኝማ ማንም ሳይሰማ ሳልቀበር ልቀር ነው!» ብሎ ተነሳ። «በይ ልጄ፣ እንሂድ። ከዚህስ መዳን ይሻላል።»

የሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ በግራ በኩል ውሃ ቋጥሯል። ውሃው ተቀዳለት። በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄደ የሚውጠው የስድስት ወር መድኃኒት ተጀመረለት። ሲስተር ሌንሳ ወደ እኔ ዞራ «ሌላ ሦስት ሳምንት ዘግይተን ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» ብቻ አለችኝ። ያቺን ሦስት ሳምንት ቆጠርኳት። ቁጥሩ ላይ መጨመር ከጀመርኩ ልክ ያን ያህል ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

መለኪያዋን አብረን ስለነፋን እኔም ባለቤቴም እንድንመረመር ታዘዘ። ሁለታችንም ነፃ ሆንን። ባለቤቴ ግን «እኔ ለምን እመረመራለሁ?» ብላ ስለጠየቀች እውነቱን ከነሥሩ ሰማች። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ጊንጪ ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ ተመለሰችና ሻሼን ከቅርጫቱ አውጥታ እኔ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። እስከ ዛሬ ያ ወንበር የሻሼ ነው።

ጉተማ እስኪድን ጥሩምባውን ማን ይያዝ የሚለው ለእድሩ ስብሰባ ቀረበ። ጉተማ ነገሩን ከእኔው አፍ ሰምቶ ነበርና እጁን አወጣ። «የእኔን ትንፋሽ በስሙ ሲያስመዘግብ የከረመ ሰው አለ፤ እሱ ይመልስ» አለ። ተጨበጨበ። ግንቦት ላይ አንዲት ዕድሜ የጠገቡ አሮጊት አረፉና ጉብታው ላይ ወጣሁ። መድኃኒቴን ሳብኩ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ ነፋሁት። የወጣው ድምፅ የጠፋ ጥጃ ይመስል ስለነበር ሁለት ሰዎች ገመድ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲያ የሰው ሞት የማስታውቀው በየበሩ እየሄድኩ በማንኳኳት ሆነ። አምስት ቀብር በዚህ ዓይነት ቀበርን።

ሲስተር ሌንሳ የእኔን ደብተር ከጥናቱ አውጥታ መለሰችልኝ። የሌሎቹንም ጥያቄ ለወጠችው። «ሳል አለብዎት?» ማለት ትታ «ከገበያ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ስንት ጊዜ ይቆማሉ?» ብላ ትጠይቅ ጀመር። ኦቦ ደበላ ወጥመዱ አልታያቸውም። «አራት ጊዜ! አምስተኛው ላይ ተቀምጬ እጸልያለሁ» ብለው በኩራት ተናገሩ። ክረምቱ ሲገባ ተፈተነች፤ አለፈች። ወሬውን ሰምቼ ለኦቦ ደበላ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ አሰቡበት።

«እኛ እየሳልን እሷ አለፈች?» አሉ። ገና አልገባቸውም መሰለኝ።

መስከረም ጠባ። የመስቀል ዋዜማ ማታ ጉተማ መጥቶ «ዝገት ይበላዋል፣ ላጽዳው» ብሎ ጥሩምባውን ወስዶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሲገላለጥ፣ ከጉብታው ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ጥጃ አይደለም። ወንዙን ተሻግሮ የሚሰማው የድሮው ድምፅ ነው።

ሰፈሩ ተነቅሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ። የእድሩ ሊቀ መንበር የአባላቱን መዝገብ በብብታቸው ይዘው እየሮጡ ደረሱ።

«ማነው? ማን አረፈ?»

ጉተማ ጥሩምባውን ከአፉ አወረደ።

«ማንም!» ብሎ ጮኸ። «ማንም አልሞተም! መድኃኒቴን ጨረስኩ! እኔም አልሞትኩም!»

ማልቀስ የጀመሩት ሴቶች እንባቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን እያራገቡ «ጥሩምባ ለሞት ብቻ ነው፣ ደንብ አለ!» አሉ።

«ለስንት ሞት ነፋሁ፤ አንድ ቀን ለራሴ ብነፋ ምን አለበት?»

ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተከተለች። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ከመሳቅ አላመለጡም።

ሰው ሲበተን ጉተማ ወርዶ እንደ ድሮው በሬ ላይ ቆመ። ዱቄት የለበትም፤ ገና ሥራ አልተመለሰም።

«አምጣት እስቲ» አለኝ።

መለኪያዋን አመጣሁ፤ ያንን የተመለሰልኝን ደብተርም አመጣሁ። ነፋ። አምስት መቶ ሃያ። አንድም አልቀነስኩ፣ አንድም አልጨመርኩ፤ እንዳለ ጻፍኩት። ከዚያ ደብተሩን ዘጋሁና ሽፋኑ ላይ ያለውን የራሴን ስም ሰርዤ የእሱን ጻፍኩበት።